የዓለም ዜጋ በማን ፊት ይጠየቃል?

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ ከመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ሊናገሩ ሲቆሙ ከጋዜጠኞች ሰገነት ፉጨትና ጩኸት ተነሣ። ፉጨቱ የፋሺስት ጣልያን ጋዜጠኞች ነበር። ፖሊስ እስኪያስወጣቸው ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ጠበቁ፤ ፈረንሳይኛ አሳምረው እያወቁም ንግግራቸውን በአማርኛ አሰሙ። ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ ስለሚርከፈከፈው፣ ሰውንና ከብትን፣ ውኃውንና ግጦሹን ሳይለይ ስላጠፋው መርዝ ተናገሩ። ያን ቀን በአዳራሹ ከተቀመጡት ልዑካን ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚናገሩ፣ ብዙ አገር ያዩ፣ የዓለም አቀፍ ሕግ አንቀጾችን በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ወራት ቀደም ብሎ መንግሥታቱ ጣልያንን ወራሪ ብለው ፈርደውባት ማዕቀብ ጥለው ነበር። ይሁንና ታንኩንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰውን ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጭ ተዉት፤ የጣልያን መርከቦችም በስዊዝ ቦይ እንደ ልባቸው ማለፋቸውን ቀጠሉ። ንግግሩ ከተሰማ ቀናት እንኳ ብዙ ሳይቆጠሩ ያው ጎደሎ ማዕቀብ ራሱ እንዲነሣ ተወሰነ።

ይህ ታሪክ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶችን በቀጥታ ይመለከታል፤ ዛሬ በምናውቀው መልኩ ከተቋቋሙት ቀዳሚው በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ማኅበር ሠራተኞች እጅ የተመሠረተ ነውና። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1924፣ የማኅበሩና የዓለም የሥራ ድርጅት ሠራተኞች ለልጆቻቸው የጄኔቫን ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ከፈቱ። አሜሪካዊው አርተር ስዊትዘር፣ የማኅበሩን የጤና ክፍል የሚመራው ፖላንዳዊ ሐኪም ሉድቪክ ራይክማንና ስዊዛዊው የትምህርት ሊቅ አዶልፍ ፌሪየር ከመሥራቾቹ መካከል ናቸው። ሐሳባቸው ቅን ነበር። አባቶቻቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ለምሽግ የተፋጁ ልጆች በአንድ ክፍል ቢያድጉ ሁለተኛ ጦርነት አይኖርም ብለው ተስፋ አደረጉ። የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ፕሮግራም የተቋቋመውም እ.ኤ.አ. በ1968 በዚያው በጄኔቫ ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ5,000 በላይ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩበታል። የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በሆነችው በአዲስ አበባም የዲፕሎማት፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛና የባለሀብት ልጆች በእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ይማራሉ።

ከጄኔቫው አዳራሽ የምንረዳው ግን ዓለምን ማወቅና ለዓለም ኃላፊነት መውሰድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። የመጀመሪያውን እነዚህ ትምህርት ቤቶች አሳምረው ያስተምራሉ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በራሱ ጊዜ አይበቅልም። በየምረቃው መድረክ ካባ ለብሰው ለሚቆሙ ወጣቶች የዓለም ዜጎች መሆናቸው ይነገራቸዋል። በማን ፊት እንደሚጠየቁ የሚነግራቸው ግን ብዙ የለም። የአንድ አገር ዜጋ ግብር ይከፍላል፣ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ጎረቤቱ በዕድርም በቀበሌም ያገኘዋል። የዓለም ዜጋ የሚባል ሰው የሚከሰስበት ችሎት፣ የሚገብርበት ጽሕፈት ቤት የለውም። ስለዚህ ኃላፊነቱ የሚጸናው ራሱ ተጠያቂነትን ፈልጎ ሲቀበል ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው፦ የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ምሩቅ የዓለም ዜጋ የሚሆነው ውሳኔው የሚነካውን ሰው ለይቶ ሲያውቅና ያ ሰው እንዲጠይቀው በር ሲከፍትለት ነው። ይህ ጠባይ ደግሞ ስህተት ሌላውን ሰው ዋጋ በሚያስከፍልበት እውነተኛ ሥራ ካልተለመደ ከአንገት በላይ ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ የማገኘው በዌልስ የባሕር ዳርቻ ነው። ጀርመናዊው አስተማሪ ኩርት ሐን ሂትለርን በመቃወሙ እ.ኤ.አ. በ1933 ታስሮ ከተፈታ በኋላ ወደ ብሪታኒያ ተሰደደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኔቶ የመከላከያ ኮሌጅ የትናንት ጠላቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሠሩ አይቶ፣ ይህ በወጣቶችም መሞከር አለበት አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 በሴንት ዶናትስ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ አትላንቲክ ኮሌጅ ተከፈተ። ግንቡ ሥር ያለው ባሕር ማዕበሉ ከፍና ዝቅ የሚልበት ልክ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው፤ ሰውም ይበላል። ስለዚህ ከተለያዩ አገሮች የመጡት ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት ውጭ የነፍስ አድን ሠራተኞች ሆኑ፤ ኮሌጁ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ለ50 ዓመት ያህል የብሪታኒያ የነፍስ አድን ጀልባዎች ተቋም ጣቢያ ነበር። በአየር የሚነፉት ጀልባዎች በጠጠሩ ዳርቻ ሲጎተቱ ሆዳቸው እየተቀደደ አስቸገረ። ተማሪዎቹና የመጀመሪያው ርእሰ መምህር፣ ጡረታ የወጡት የባሕር ኃይል አድሚራል ዴዝመንድ ሆር፣ በግንቡ ወርክሾፕ ጣውላ እያጣበቁ፣ እየሰበሩና እንደገና እየሠሩ ሆዱ ጠንካራ ጎኑ በአየር የተነፋ ጀልባ አወጡ። የፈጠራው መብት ለነፍስ አድን ተቋሙ በ1 ፓውንድ ተላለፈ፤ ከዚያ የተወለደው ጀልባም በኮሌጁ ስም አትላንቲክ 21 ተባለ። ዛሬ በሜዲትራኒያን ባሕር ከሰመጡ ጀልባዎች ስደተኛ ለማንሣት የሚሮጡት ፈጣን ጀልባዎች የዚያ ወርክሾፕ ዝርያ ናቸው። ከሚነሡት ስደተኞች መካከል ከአፍሪካ ቀንድ የተነሡ ወጣቶች እንዳሉበት አንባቢ ያውቃል።

እዚህ ታሪክ ላይ የምቆየው ሥርዓቱን ስለሚያሳይ ነው። እነዚያ ልጆች ስለ ሰው ዘር አንድነት ድርሰት ጽፈው ቢያበቁ ኖሮ ውጤቱ ወረቀት ነበር። ያጋጠማቸው ግን ጥሪው ሲደወል ጀልባው ካልተነሣ አንድ ሰው የሚሞትበት ሥራ ነው። ጀልባው ተቀዶ መገኘቱ በማርክ አይካካስም። የሚሰምጠው ሰው የማን አገር ዜጋ እንደሆነ አስቀድሞ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የቀረበው ባሕር ግን የታወቀ ነበር። ለዓለም ሁሉ የተረፈው ጥቅም የመጣው ከደጃፋቸው ለተነሣ ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ ነው። ኃላፊነት አድራሻ ሲኖረው ብቻ ሥራ ይሆናል የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዋጋውን መክፈል ያለበት ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ማይክል ስተርን የተባለ፣ በጆሃንስበርግ ያስተምር የነበረ እንግሊዛዊ መምህር፣ የአፓርታይድ ሕግ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ክፍል እንዳይማሩ ስለከለከለ ድንበር ተሻግሮ በስዋዚላንድ ምባባኔ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ዋተርፎርድን ከፈተ። የትምህርት ቤቱ መኖር በራሱ ለጎረቤቱ መንግሥት ተቃውሞ ነበር። አባታቸው በሮበን ደሴት የታሰረው የማንዴላ ሴቶች ልጆች፣ ዘናኒና ዚንድዚ፣ እዚያ ተምረዋል። ዋተርፎርድ ካምሽላባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ አትላንቲክ ኮሌጅ ከጀመረው የዩናይትድ ወርልድ ኮሌጆች ማኅበር ጋር ተቀላቀለ። የነጭ ቤተሰብ ልጅ እዚያ ሲላክ ወላጁ ከጎረቤቱ ጋር ምን እንደሚከፋፈል ያውቅ ነበር። ስለ እኩልነት መስበክ ርካሽ በሆነበት ዘመን ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከአገር ፍቅር በኩል ነው። የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቴሬዛ ሜይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ለፓርቲያቸው ጉባኤ ሲናገሩ፣ የዓለም ዜጋ ነኝ የሚል ሰው የየትም ዜጋ አይደለም ብለዋል። በእኛም አገር ብዙ ወላጅ በዚሁ ይሠጋል፤ ልጄ በውጭ ቋንቋና በውጭ ሥርዓት ተቀርጾ ለወገኑ ባዕድ ይሆናል ይላል። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ንቀትን ከዕውቀት ጋር ቀላቅሎ የሚመለስ ምሩቅ ሞልቷል። ነገር ግን የራሳችን ታሪክ ሌላም ይመሰክራል። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በነቀምቴ የተቋቋመውን የጥቁር አንበሳ ማኅበር የመሩት ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ሊቀ መንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ በብሪታኒያ የተማሩ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ማኅበሩ ባወጣው አጭር ሕግ ወታደሩ ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ የተማረከ ጠላት እንዳይሰቃይ ደነገገ። እንግዲህ ጠላት ከሰማይ መርዝ በሚያዘንብበት ወቅት ምርኮኛን ማክበር ማለት ምን እንደሆነ ማሰብ ነው። በውጭ የቀሰሙት የሕግ ዕውቀት ለአገር ከመሞት አላስቀራቸውም፤ እንዲያውም ጦርነቱን ከበቀል የሚጠብቅ ልጓም ሆነላቸው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ፋሺስቶቹ የተማረውን ወጣት እየፈለጉ የፈጁት ያለ ምክንያት አልነበረም። የጄኔቫው አዳራሽ ያጣው ነገር በነቀምቴ ነበረ። ልዩነቱ የቋንቋ ብዛት አይደለም፤ በማን ፊት እንደሚጠየቁ ማወቃቸው ነው።

ወደ ዛሬው ምሩቅ ስመለስ ፈተናውን የማየው ከሩቅ አገር ይልቅ በገዛ ቤቱ ነው። በአዲስ አበባ፣ በዱባይ፣ በዶሃ ወይም በሪያድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ምሳ ዕቃውን አዘጋጅታ የምታስይዘው፣ ዩኒፎርሙን የምትተኩስለት፣ ማታ ጠብቃ የምትቀበለው አንዲት የቤት ሠራተኛ አለችው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ይህች ሴት ብዙ ጊዜ ኢትዮጵያዊት ናት። ልጁ በክፍል ውስጥ ስለ ሰብዓዊ መብት ድንጋጌ ያጠናል፤ እሷ ግን በካፋላ ሥርዓት መሠረት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ፣ ፓስፖርቷም በሌላ ሰው መሳቢያ የተቆለፈባት ልትሆን ትችላለች። የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ካቋቋሙት ወላጆች አንዳንዶቹ የሠሩበት የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች 189ኛውን ስምምነት አጽድቋል። ስምምነቱ ሠራተኛዋ የመታወቂያና የጉዞ ሰነዷን በእጇ የመያዝ፣ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት የማረፍ፣ የሥራዋን ሁኔታ በሚገባት መንገድ የማወቅ መብት እንዳላት ይደነግጋል።

ይህ የባሕረ ሰላጤው ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ውልን ከተፈጻሚነቱ ውጭ አድርጎ ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ ለዲፕሎማቱም ሆነ ለነጋዴው የምትሠራ ሞግዚት ሰዓቷና ዕረፍቷ የሚወሰነው በአብዛኛው በአሠሪዋ ደግነት ነው። ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ የሚናገረው የሰው ሕሊና ብቻ ይሆናል። ታዲያ በ18 ዓመቱ የሚመረቅ ወጣት ስለ ዓለም ፍትሕ ከመናገሩ በፊት ያሳደገችው ሴት በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ ብትታመም ማን እንደሚያሳክማት፣ ቅሬታ ቢኖራት ለማን እንደምትናገር ቢያውቅ ኃላፊነትን ከእውነተኛው በር ገብቶ ይማራል። እኔ ከማንኛውም የምረቃ ንግግር ይህን አስበልጣለሁ።

እዚህ ላይ አንድ መምህር ወይም ወላጅ፣ ልጁ ምን አደረገ? የወላጆቹን ገንዘብና ቤት አልመረጠም፤ የሕፃን ጫንቃ ላይ ጥፋት ለምን እንጭናለን? ሊል ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ጥፋተኝነት ማሸከም ልጅን ወይ ያሸማቅቀዋል ወይ ግድ የለሽ ያደርገዋል። ኃላፊነት ግን ከጥፋተኝነት ይለያል። አትላንቲክ ኮሌጅ ያሉት ተማሪዎች ባሕሩን አላናወጡትም፤ ጀልባው እጃቸው ላይ ስለነበረ ብቻ ተጠየቁ። ዕድል ያገኘ ሰው ያ ዕድል በሚያዘው መሣሪያ ይጠየቃል። ለዚህም ነው የክፍያው ጉዳይ መሸፋፈን የሌለበት። አብዛኛው የአዲስ አበባ ቤተሰብ በዓመት ከሚያገኘው ገቢ በላይ የሚያስከፍል ትምህርት ቤት ሁሉን አቃፊ ነኝ ሲል ንግግሩና ደጃፉ ይጣላሉ። የዩናይትድ ወርልድ ኮሌጆች በየአገሩ በተቋቋሙ ኮሚቴዎች አማካይነት ተማሪ መርጠው አብዛኛውን በሙሉ ወይም በከፊል የነጻ ትምህርት ዕድል መቀበላቸው ችግሩ መፍትሔ እንዳለው ያሳያል። ሙሉ መፍትሔ አይደለም፤ ከሺህ አንዱን ማንሣት ሺውን አያነሣም። ቢሆንም አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ በስኮላርሺፕ የመጣ የገበሬ ልጅ የሆነበት ክፍል ስለ ድህነት የሚናገርበት ቃና ይለወጣል፤ የሚነገርለት ሰው እዚያው ተቀምጦ ይሰማዋልና።

የበጎ አድራጎት ሥራን በተመለከተ አጭር ቃል ይበቃል። የባካሎሬቱ ዲፕሎማ ተማሪ ከፈተናው ጎን በፈጠራ፣ በአካል እንቅስቃሴና በአገልግሎት እንዲሳተፍ ያስገድዳል። ዓላማው መልካም ነው። አፈጻጸሙ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ አንድ ቀን ሄዶ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ይሆናል። በካምቦዲያና በኔፓል የተደረጉ ምርመራዎች ጎብኚና ለጋሽ ለመሳብ ሲባል ወላጅ ያላቸው ልጆች ጭምር ወደ ማሳደጊያ እንደሚገቡ አጋልጠዋል። አዛኙ ተማሪ ሳያውቅ የሚያዝንለትን ልጅ ከእናቱ ለሚነጥል ገበያ ደንበኛ ሆኗል። የአንድ አገልግሎት ዋጋ የሚለካው ተቀባዩ አገልግሎቱን አልፈልግም ወይም በሌላ መንገድ አድርጉት ማለት ሲችልና ቃሉ ሲሰማ ነው።

ቃሉ ይሰማ ዘንድ ደግሞ ቋንቋ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ተወልዶ አድጎ ከጥበቃው ጋር ከሰላምታ በላይ መነጋገር የማይችል፣ የአማርኛ ማመልከቻ ሰጥተውት ማንበብ የሚቸግረው ወጣት ስንት የውጭ ቋንቋ ቢያውቅ የአገሬው ሰው አቤቱታ አይደርሰውም። ስህተቱ የልጁ ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲያወራ ያበረታታው ቤተሰብም ነው። የባካሎሬቱ ፕሮግራም ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ባይኖረው እንኳ ተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሥነ ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ድጋፍ ራሱ እያጠና እንዲፈተን መንገድ ከፍቷል። ይህን ዕድል ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ዋጋ የለውም ብሎ መተው የሚያሳዝን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁን በራሳቸው ቋንቋ ያነበበ ምሩቅ ነገ የልማት ፕሮጀክት ቢሮ ሲቀመጥ፣ ገበሬው የሚለውን ከአስተርጓሚው ማጠቃለያ አልፎ ይሰማል።

የሚቀረው ተቃውሞ የሚንከራተቱት ልጆች ጉዳይ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪ ሩት ዩዚም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሕንድ ያደጉ አሜሪካውያን ልጆችን ስታጠና እንዳየችው፣ ከወላጅ ሥራ ጋር ከአገር አገር የሚዞር ልጅ የወላጆቹንም የአስተናጋጁንም አገር ባህል ሙሉ በሙሉ የራሱ አያደርግም። ለእንዲህ ዓይነቱ ወጣት አገርህን አስብ ማለት የትኛውን? የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ጥያቄው የሚያም ነው፤ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በፍራንክፈርት ያደጉ የእኛ ልጆችም ያውቁታል። ነገር ግን ተጠያቂ ለመሆን የአገር ጥያቄ እስኪፈታ መጠበቅ አያስፈልግም። በሦስት አገር የኖረ ሰው በእያንዳንዱ አገር ያገለገሉትን፣ ያከራዩትን፣ የቀጠራቸውን ሰዎች ያውቃል፤ የሚሠራበት ኩባንያ ልብሱን የት እንደሚያሰፋ፣ ቡናውን ከማን እንደሚገዛ መጠየቅ ይችላል። ምናልባትም ከቦታ ቦታ መዞሩ ሌላው የማያየውን እንዲያይ ያደርገዋል፤ የአንዱ አገር ርካሽ ዕቃ በሌላው አገር የማን ድካም እንደሆነ በዓይኑ አይቷልና።

ትምህርት ቤቶቹ ከዚህ በኋላ ምን ያድርጉ? በየድረ ገጻቸውና በየመጽሔታቸው ምሩቃኖቻቸው የገቡባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ስም ይደረድራሉ። ወላጅ የሚከፍለው ለዚያ ስለሆነ ይህን አቁሙ አልልም። ግን ምሩቃኑን ከ5 ዓመትና ከ10 ዓመት በኋላ ሌላ ጥያቄም ይጠይቋቸው፦ ማንን ቀጥረሃል፣ በምን ውል? የሥራህ ውጤት የሚነካው ሰው ቅሬታውን የሚያደርስህ በየት በኩል ነው? ከቅሬታው ተነሥተህ የለወጥከው ነገር አለ? የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራትም በዓመት አንድ ጊዜ ለእራት ከመሰብሰብ አልፈው፣ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማር ልጅ ሙሉ የስኮላርሺፕ ወንበር ሊይዙ ይችላሉ። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ በዚህ ዓመት የሚቻል ነው፦ በስምምነት ቁጥር 189 መሠረት የተዘጋጀ አንድ ገጽ የቤት ሠራተኛ ውል፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ተተርጉሞ ከተማሪ መመዝገቢያ ቅጹ ጋር ለወላጅ ይሰጥ። ውሉን የመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች ከሕግ ባለሙያና ከራሳቸው ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጠው ቢያረቁት፣ ያ የአገልግሎት ሰዓታቸው ሆኖ ይመዝገብላቸው።